አምስት ኪሎ ጨው

በባለቤቴ ወላጆች ቤት ሁለት ዓመት ስኖር አንድም ቀን ታዝዤ አላውቅም። ይህን ስትሰሙ የታደልኩ ምራት እመስላችሁ ይሆናል። «ራዚያ ውሃ ቅጂ፣ ራዚያ ሽንኩርት ላጪ» ያለኝ ሰው የለም። ገና እጄን ወደ መጥረጊያው ስሰድ፣ አማቴ እማማ ሀጅራ በግድግዳ የሚያዩ ይመስል ከወዲያኛው ክፍል «አንቺ ተቀመጪ» ይሉኛል። እንግዳ መጥቶ ቤቱ በሙሉ ብድግ ሲል እኔን «አንቺ ተቀመጪ»። ኢድ ደርሶ ሴቱ ሁሉ ጓዳ ውስጥ ሲራኮት፣ ሲሳሳቅና ሰው ሲያማ፣ እኔ ሳሎን ውስጥ እንደ ሬዲዮኑ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮኑ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ይናገራል።

ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ። መልስ አላጣም፤ ይርጋጨፌ ላይ የአባቴን ሱቅ ባንኮኒ ይዤ ያደግኩ ነኝ፣ ደንበኛው አፌን ፈርቶ ዋጋ አይከራከረኝም ነበር። እማማ ሀጅራ ግን የሚሉት ሁሉ ከአንጀታቸው ነው። ለሚያዝንላችሁ ሰው ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

የሚያዝኑት ለእግሬ ነው። በአራት ዓመቴ ትኩሳት ያዘኝና ሲለቀኝ ቀኝ እግሬን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ብብቴ ሥር ክራንች አለ። በዚያ ክራንች አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ በዚያ ክራንች ይርጋጨፌን ከላይ እስከ ታች አዳርሻታለሁ፤ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪናም የከተማውን ሴት ግማሹን አልብሻለሁ። ባለቤቴ ነዚፍም ያገኘኝ እዚያው ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የወንበር ልብስ ሊያሰፋ መጣና ልኩን ተሳስቶ እንደ ለካ ነገርኩት። ተቆጣ። በሳምንቱ ያንኑ የወንበር ልብስ ይዞ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጭራሽ ልብሱን ረስቶት ነበር የመጣው። ዲላ ድረስ አግብቼ የመጣሁት እንዲህ ነው።

ልጃችን ሱራያ የተወለደችው በ1981 የካቲት ውስጥ ነው። በሰባተኛው ቀን በግ ታረደ፣ ስም ወጣላት። በአሥረኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲል ላዝላት ፈለግኩ። የከተማ ሴት እንደምታዝለው ማዘያውን በሁለቱም ብብቶቼ ሥር አሳልፌ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት፤ ሌላ አስተሳሰር አላውቅም ነበር። ከዚያ ክራንቼን ብብቴ ሥር አስገብቼ ሁለት እርምጃ ስራመድ ክራንቹ ማዘያውን ወደ ላይ ገፋው። ልጅቷ ወደ ጎን ተንሸራተተች። እማማ ሀጅራ በሩ ላይ ነበሩ፤ ዘለው ያዟት። ምንም አልሆነችም፣ ከእንቅልፏም አልነቃች። እሳቸው ግን «ያ አላህ» ብለው ደረታቸው ላይ ለጠፏት፤ ከዚያ እኔን አይተው፣ በቀስታ፣ «አንቺ ተቀመጪ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ለጡት ብቻ ትመጣልኝ ጀመር። እማማ ሀጅራ ያመጧታል፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ስትጠግብ ይወስዷታል። የሚያጥቧትም የሚያስተኟትም እሳቸው ናቸው። ለቅሶው መቼ እንደ ጀመረኝ በትክክል አላውቅም። አንድ ቀን ምግብ አልወርድ አለኝ፣ ሌላ ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መዋል ሆነ ሥራዬ። ሱራያ ከወዲያኛው ክፍል ስታለቅስ የሌላ ሰው ልጅ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አፈርኩ።

በአርባኛው ቀን እማማ ሀጅራ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የጣቢያውን ስም አልጠራም። እዚያ የሚሠሩ ገሪማ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ጤና ረዳት ናቸው፣ ሰፈሩ ግን ዶክተር ይላቸዋል፣ እሳቸውም አይከለክሉም። ስገባ ፊቴን አላዩም፣ እግሬን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አማቴ መለሱ።

«ምግብ ትበላለች?»

«ኧረ ምንም አትበላም፣ ዶክተር።»

«ትተኛለች?»

«እዚሁ አለሁ እኮ» አልኳቸው።

ለሕፃን እንደሚሳቅ ሳቁልኝና አማቴን መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ስምንት ጥያቄ ጠየቁ፤ ቆጥሬያለሁ። ስምንቱንም የመለሱት እማማ ሀጅራ ናቸው። በመጨረሻ እስክሪብቷቸውን እያነሱ፣ «ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «እግሯ እንዲህ ሆኖ ልጅ ማሳደግ እንደማትችል ሲገባት ተስፋ ቆረጠች። አእምሮ ከሰውነት ተለይቶ አይሄድም። ሕፃኗን ጤነኛ ሰው ቢይዛት ለሁለቱም ይበጃል።»

የጻፉት ወረቀት አንድ መስመር ተኩል ነው፤ ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። «የአካል ጉዳተኛ በመሆኗ አእምሮዋ ስለ ተረበሸ ሕፃን ማሳደግ አትችልም።» ከሥሩ ማኅተም አለ። በዚያ ዘመን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማን ይከራከራል? ስኳር በወረቀት ነው፣ ከከተማ መውጣት በወረቀት ነው፣ ወጣቱ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደው በወረቀት ነው። አማቼ አባባ አብዱልሰመድ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወሰኑ። የነዚፍ እህት ሀቢባ ገደብ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፤ ኢድ ሲያልፍ መጥታ ሱራያን ትወስዳለች፣ ታሳድጋለች። እኔ ስፈልግ ሄጄ አያታለሁ።

ነዚፍን አየሁት። እሱ ምንጣፉን አየ።

«ሐኪም ነው ያለው፣ ራዚያ» አለ። «እኔ ምን አውቃለሁ?»

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እንግዲህ ከልጄ ጋር የቀረኝ አንድ ወር ነው።

በዚያው ሳምንት ወርቂቱ መጣች። ይርጋጨፌ አጠገብ ያለው የኮንጋ ገጠር ሴት ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየገበያው ቀን ከአባቴ ሱቅ ጨው የምትገዛ። አራስ ልትጠይቅ ቆጮና ቅቤ ይዛ ነው የመጣችው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ» ብላኛለች፣ ከእሷ አፍ ሲሆን ደስ ይለኛል። ፊቴን አይታ ቆጮውን መሬት አስቀመጠች።

«አንተ ለምን ያለቅሳል?»

ነገርኳት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«የባሌ ወንድም ከጦርነት መጣ» አለችኝ። «ሌሊት ይጮሃል፣ አልጋ ሥር ይገባል። እዚህ ሆስፒታል አንድ ነርስ አለ፣ ሴት ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የጭንቅላት በሽታ ተማረ። መርፌ አይወጋም። ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጠይቃል። አሁን የባሌ ወንድም ይተኛል። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ አመጣዋለሁ። አንተም ና።»

እማማ ሀጅራ ይፈቅዳሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ፈቀዱ። ከሆስፒታል የሚመጣ ወረቀት የገሪማን ወረቀት የሚያጸናላቸው መስሏቸው ነው።

ሲስተር ጥሩብርሃን በሆስፒታሉ ግቢ ዋንዛ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም። እጄን ጨብጣ አስቀመጠችኝና ደብተሯን ገለጠች።

«እግርሽ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

ክራንቼን አነሳሁ። «ሲስተር፣ እኔ ለእግሬ አልመጣሁም። እግሬ እንዲህ ከሆነ ሃያ ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን አስለቅሶኝ አያውቅም። ከእግሬ የሚጀምር ሰው ከፈለግኩ ጤና ጣቢያው ለቤቴ ይቀርበኛል።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው እንዲህ ተብሎ አይነገርም። እሷ ግን ፊቷ ቀላ፣ ደብተሯን ዘጋችው።

«ልክ ነሽ» አለችኝ። «ከትምህርት ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው፤ ገና እየለመድኩ ነኝ። ከየት ብጀምር ይሻላል?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያየኝ ሐኪም ሁሉ ከየት እንደሚጀምር አውቆ ነው የሚመጣው። ቁጭ አልኩ።

«ከለቅሶው» አልኳት።

ያን ቀን ብዙ አወራሁ። ያፈርኩበትንም ነገርኳት፤ የልጄ ለቅሶ የሌላ ሰው ልጅ ለቅሶ እንደሚመስለኝ። አይዞሽ አላለችኝም። እንዲህ ሆነሽ መኖርሽን አደንቃለሁም አላለችኝም፤ እሱን ብትል ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር። ጨርሼ ዝም ስል እንዲህ አለች፦

«ወልደው እንዲህ የሚሆኑ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ራዚያ። ስም አልጠራልሽም እንጂ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሴቶች እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሕመም ነው፣ ይድናል። ደግሞ ሦስቱም የመጡት በሁለት እግራቸው ነው።»

ሳቅኩ። ከወለድኩ ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። ከሳቁ መሐል ለቅሶ መጣ፣ ግን ይኼኛው ለቅሶ ሌላ ነበር፤ ስጨርሰው ራበኝ።

በየማክሰኞው ሄድኩ። ኪኒን ካስፈለገ እንደምትነግረኝ፣ ለጊዜው ግን እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። በየቀኑ የሠራሁትን፣ የበላሁትን፣ ያሰብኩትን ትጠይቀኛለች። ሦስተኛው ማክሰኞ ላይ፣ «ልጅሽን ይዘሻት ስትቆሚ ምን ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ይዣት ቆሜ አላውቅም።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «እንዴት?»

የአሥረኛውን ቀን ነገርኳት። ማዘያው እንዴት እንደ ተንሸራተተ፣ እማማ ሀጅራ እንዴት እንደ ያዟት፣ ከዚያ ወዲህ ልጄ ወደ እኔ ለጡት ብቻ እንደምትመጣ። እየነገርኳት ሳለ ነገሩ ለራሴም ግልጽ እየሆነ መጣ። ከእቅፌ የወሰዷትን ልጅ የኔ አይደለችም ብዬ ባስብ ምን ይገርማል?

ሲስተር ጥሩብርሃን ደብተሯን ጎኗ አስቀመጠች። «በክራንች ልጅ እንዴት እንደሚታዘል እኔ አላውቅም» አለች። «አላስተማሩኝም። የሚያውቅ ሰው ግን ይኖራል። ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ በታች ባለው ዳገት ወርቂቱ የባሏን ወንድም አስከትላ ስትመጣ አየኋት። ሚያዝያ ነው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው፣ ዳገቱ ጭቃ ብቻ ነው። በቀኝ እጇ ዘንግ ይዛ ጭቃውን እየወጋች ትወጣለች፤ ጀርባዋ ላይ የመጨረሻ ልጇ ታዝሏል። ማዘያው በቀኝ ትከሻዋ ላይ ወጥቶ፣ በግራ ብብቷ ሥር ዞሮ፣ ደረቷ ላይ ተቋጥሯል። ቀኝ ብብቷ ባዶ ነው። ያችን ሴት ሃያ ዓመት ሳያት ኖሬ ያን ቀን ገና አየኋት።

ጠራናት። ስንጠይቃት ግራ ተጋባች።

«ኮንጋ መሬት ገደል ነው» አለች። «ክረምት ያለ ዘንግ ሰው አይሄድም፣ ጎረምሳም አይሄድም። ዘንግ የያዘ እጅ ሥር ማዘያ ከታሰረ ክንድ ይገፋል፣ ልጅ ይወድቃል። ይሄ ሁሉ ሰው ያውቃል። ዲላ ሰው አያውቅም?»

ሲስተር ጥሩብርሃንና እኔ ተያየን። የዲላ ሰው አያውቅም ነበር።

ልምምዱ የተጀመረው በጨው ነው። ሱራያ ሚዛን ላይ ስትወጣ አምስት ኪሎ ልትሞላ ጥቂት ነበር የቀራት፤ አምስት ኪሎ ጨው በከረጢት አደረግንና ወርቂቱ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ቀጥሎ ራሴ ጎንበስ ብዬ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ያለ ማንም እርዳታ ማሰር ተማርኩ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን ቀጭን መንገድ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በመጀመሪያው ቀን ቋጠሮው ላልቶ ከረጢቱ ጭቃው ላይ ተዘረጠጠ። ወርቂቱ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ሞተ» አለች። «ሌላ እዘል።» ሲስተር ጥሩብርሃን ስትስቅ ጋዋኗን አፏ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ጨዉ አልወደቀም። ማክሰኞ ብቻውን አልበቃኝም፤ እቤትም ጓዳ ዘግቼ አዘልኩት። ዝናብና ላብ እያቀለጠው ጀርባዬ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። እማማ ሀጅራ ቀሚሴን ለእጥበት ሲያነሱት አገላብጠው አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አሉኝ። ሙቀት ነው አልኳቸው። መብላት ጀምሬ ነበር። እንቅልፌም ተመልሶ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከወዲያኛው ክፍል ለቅሶ ሰማሁና ሳላስበው ጡቴ ወተት አፈሰሰ፤ ልጄ ናት ያለቀሰችው። የኔ ልጅ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

በመጨረሻው ማክሰኞ ሲስተር ጥሩብርሃንን፣ «ልጅቷን ልዘላት ወይስ ገና ነኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ይህን እኔ አልወስንልሽም» አለችኝ። «ጀርባሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ወረቀቱን ግን ቅዳሜ እጽፍልሻለሁ።»

ቅዳሜ ማለት ሀቢባ ከገደብ የምትመጣበት ቀን ነው። ኢድ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አባባ አብዱልሰመድ ነገሩ በወግ እንዲፈጸም ብለው ገሪማን ጋብዘዋቸዋል፤ ሥጋችንን ስለማይበሉ የምስር ሳንቡሳ ይጠበስላቸዋል። ሁሉም በየሥራው ሲጠመድ እኔ ወደ እማማ ሀጅራ ክፍል ገባሁ። ሱራያ ጠግባ ተኝታለች። አልጋው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ፣ አነሳኋት፣ ማዘያውን በቀኝ ትከሻዬ አውጥቼ በግራ ብብቴ አዞርኩት፣ ቋጠርኩ፣ ደግሜ ቋጠርኩ። ክራንቼን ይዤ ቀና አልኩ። አልተንቀሳቀሰችም። በጓሮ በር ወጣሁ።

ወርቂቱ አጥሩ ጥግ ጠበቀችኝ። «እኔ ከኋላ ነው» አለችኝ። «አልነካም።»

ጨው አይተነፍስም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማጅራቴ ላይ ትንፋሿ ይሞቀኛል፣ ልቧ ጀርባዬን ይመታል፣ ስራመድ ከእኔ ጋር ትራመዳለች። መንገዱ ላይ ሰው እየቆመ አየን፤ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዷ «ኧረ ልጅቷን ተቀበሏት!» ብላ ጮኸች። ወርቂቱ ዘንጓን አነሳችባት። ዳገቱ ጋ ስደርስ ፈራሁ፤ አልዋሽም። ክራንቼን ጭቃው ውስጥ ተከልኩ፣ እግሬን አስከተልኩ፣ ደግሞ ተከልኩ። ወርቂቱ አንድም ጊዜ አልነካችኝም።

ሲስተር ጥሩብርሃን ከዛፉ ሥር ሆና ስታየኝ ተነሳች። ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ወረቀቱን አንብባ ሰጠችኝ፦ «ሕመሟ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የሐዘን ሕመም ነው፤ ታክማ እየዳነች ነው። እግሯ በሽታ አይደለም። ልጇን ታሳድጋለች።» ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችበት። «ሁለተኛው ለአቶ ገሪማ ነው» አለችኝ።

ስመለስ ቤቱ ተሸብሯል። የእማማ ሀጅራ ጩኸት ከመንገድ ይሰማል፤ ልጅቷ ጠፋች። ሳሎን ስገባ ሁሉም ቆመዋል፤ አባባ አብዱልሰመድ፣ ነዚፍ፣ ገና የመንገድ ጭቃዋን ያላራገፈችው ሀቢባ፣ ሳንቡሳ የያዙት ገሪማ። እማማ ሀጅራ እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«ስጪኝ! አንቺ ተቀመጪ!»

«ተኝታለች፣ እማማ» አልኳቸው። «ቆሜ ነው የምናገረው።»

ገሪማ ወደ አማቼ ዞሩ። «ጋሼ፣ ይህ አደገኛ ነገር ነው። እንዲህ መሆኗ ራሱ የሕመሟ ምልክት ነው።»

«አቶ ገሪማ፣ እኔን ያነጋግሩኝ» አልኳቸው። «ያን ቀንም አላነጋገሩኝም። ስምንት ጥያቄ ጠየቁ፣ ስምንቱንም እማማን ነው የጠየቁት። ለምን እንደማለቅስ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም። እግሬን አይተው ጻፉ።»

የሲስተር ጥሩብርሃንን ወረቀት ለአባባ አብዱልሰመድ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ የገሪማን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙ።

«ያቺ ነርስ ትናንት የመጣች ልጅ ናት» አሉ ገሪማ። «እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። እግሯ ጤነኛ ቢሆን ይህ ሐዘን አይመጣባትም ነበር።»

ያን ጊዜ ሀቢባን አየኋት። ያዘጋጀሁት አልነበረም፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ በሁለት እግራቸው ወደ አግዳሚው የመጡት።

«ሀቢባ» አልኳት፤ «ሁለተኛ ልጅሽን ስትወልጂ አላለቀስሽም?»

ሀቢባ እናቷን አየች። እማማ ሀጅራ ወደ መሬት አዩ።

«ሦስት ወር» አለች ሀቢባ። «ሦስት ወር አልቅሻለሁ። ልጁን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። እማማ ገደብ ድረስ መጥታ አጠገቤ ተኛች። አጥሚት በእጇ አጠጣችኝ። እምቢ እያልኳት በየቀኑ ክንዴ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር፤ ያዢው፣ ያንቺ ነው ትለኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ላይ ማንም ወረቀት አልጻፈም።»

ወደ ገሪማ ዞርኩ። «እሷን ምን ብለው ይጽፏት ነበር?»

ሳንቡሳውን ሰሐኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ። አባባ አብዱልሰመድ አንድ መስመር ተኩሉን ወረቀት አራት ጊዜ አጥፈው ለጻፉት ለገሪማ ዘረጉላቸው።

«አቶ ገሪማ፣ ይህን ይውሰዱት» አሉ። «ለእኔ ቤት አይሆንም።» ዶክተር መባል ያን ቀን እዚያው ቀረ።

ገሪማ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«ነርሷ የምትገኘው ማክሰኞ ነው?» አሉኝ።

«ማክሰኞ።»

«ባለፈው ዓመት የጻፍኩባት ሌላ ሴት አለች» አሉና ሄዱ።

ነዚፍ እፊቴ መጥቶ ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፣ መኪና የሚያናውጥ፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ወረቀቱን አመንኩ» አለኝ። «አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ።» ነበረብህ አልኩት። ይቅር ለማለት ጥቂት ቀን አስቆጥሬዋለሁ፤ ያም ለእሱ ጥሩ ሆነለት። ሀቢባ ባዶ እጇን ወደ ገደብ ስትመለስ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት፣ ሱራያን አዝዬ። ስንለያይ የልጅቷን እግር ሳመችና፣ «አላህ ምስክሬ ነው፣ ልወስዳት አልፈለግኩም ነበር» አለችኝ። አመንኳት።

እማማ ሀጅራ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ሱራያን አልወሰዱብኝም፣ ማዘያዬንም አጥበው፣ አጣጥፈው አልጋዬ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ግን ቃል የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳሎን ተቀምጬ ልጄን አጥብቼ ጨርሻለሁ። ድምፃቸው ከጓዳ መጣ።

«ራዚያ!»

«አቤት እማማ።»

«ኅብረት ሱቅ ስኳር መጥቷል እየተባለ አይደል እንዴ? ምን ተጎልተሽ ትቀመጫለሽ? ተነሺ፣ ልጅሽን እዘይና ሂጂ ሰልፍ ያዢ! እኔ እጄ ሊጥ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። ሱራያን አነሳሁ፣ ማዘያውን በቀኝ ትከሻዬ አወጣሁ፣ በግራ ብብቴ አዞርኩ፣ ቋጠርኩ፣ ደግሜ ቋጠርኩ።

«ገና ነሽ እንዴ?» አሉ ከጓዳ።

«ሄድኩ፣ እማማ!»

ሰልፉ እስከ መንገዱ ዳር ወጥቷል። ፊት የቆመች አንዲት ሴት ክራንቼን አይታ ድንጋይ ላይ ቦታ አጸዳችልኝ። «ነይ እህቴ» አለችኝ፣ «አንቺ ተቀመጪ።»

«አልችልም» አልኳት። «አማቴ ልከውኝ ነው።»

ሄጄ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ።